ስድስት ወር አለፈኝ፤ እግሬ ያብጣል፣ አፈር ያምረኛል፣ ቡናዬን ደግሞ አትንኩብኝ

የሽሮሜዳዋ፦

ሰላም እህቶች። እስካሁን የእናንተን እያነበብኩ ዝም ብዬ የምወጣ ነበርኩ፤ ዛሬ ግን ሆዴም ጥያቄዬም ገፋና ልጽፍ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያ ልጄ ነው፣ 26 ሳምንት ሆኖኛል። ክትትሌን አላቋረጥኩም፣ አልትራሳውንድም ታይቼ ደህና ነው ተብያለሁ። የምጠይቃችሁ ሐኪም ፊት ስቀርብ «ይቺን ለማለት ነው የመጣሽው?» እንዳልባል እያፈርኩ ውጬ የምመለሳቸውን ጥቃቅን ነገሮች ነው።

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ሽሮ ሜዳ ከአክስቴ ጋር ትንሽ ሱቅ አለችን፤ እሷ ከፊት ትሸጣለች፣ እኔ ከኋላ እሰፋለሁ። መኪናዬ በእግር የምትረገጥ አሮጌ ሲንጀር ናት። ሞተር ይገጠምላት ሲሉኝ መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራ ከምፈታ ብዬ እምቢ ያልኩት እኔው ነኝ። አሁን ጾሙ ተጋምሷል፣ የፋሲካ ትዕዛዝ ተከምሯል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከተቀመጥኩ ብድግ የምለው ለሽንት ብቻ ነው። እሱንም ለመቀነስ ብዬ ውኃ መጠጣት ትቻለሁ፤ መፀዳጃው ከሱቆቹ ኋላ ነው፣ ቁልፉ አንድ ነው፣ ሁልጊዜም ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ላስቲኩ ቆዳዬ ላይ ቀለበት ሠርቶ አገኘዋለሁ። በጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ይቆያል። ጠዋት ስነሳ ግን ሁለቱም እግሬ ደህና ነው።

ሁለተኛው የክኒኑ ነገር ነው። የደም ምርመራዬ 9.8 መጣና ደም ማነስ አለብሽ ተብዬ የአይረን ክኒን ተሰጠኝ። እንዳልረሳው ከቡና ጋር አያያዝኩት፦ በራችን ላይ የጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ አለች፣ የጠዋቱን ሲኒ ስታመጣልኝ ክኒኔን በሱ እውጣለሁ። ያቅለሸልሸኛል፣ ሆዴ ደርቋል፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ሰገራዬ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ፈርቼ ሦስት ቀን ውጬ ሁለት ቀን እዘላለሁ። ቡናው በቀን ሦስት ሲኒ ነው። እሱን ተዪ የምትሉኝ ካላችሁ ቀስ ብላችሁ ንገሩኝ።

ቃርም አለ። ጎረቤታችን እትዬ «ልጁ ፀጉር እያበቀለ ነው» ይሉኛል። እሳቸው ወተትና ሙዝም ከልክለውኛል፣ ልጁ ላይ ይለጠፋል ብለው። ለጊዜው ጾም ስለሆነ በወተቱ አልተጣላንም። (ሰዓት አልጾምም፤ ሥጋና ወተት ብቻ ነው የተውኩት።) ጠዋት በመፋቂያ ስፍቅ ድዴ ይደማል፣ እሱንም አስገቡልኝ።

አሁን ዋናውን ልናገር። አፈር ያምረኛል። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ዝናብ ጠብ ጠብ ሲል ደረቁ አፈር ሸተተኝና ምራቄ አፌን ሞላው። የምንኖርበት ግቢ የጭቃ ግድግዳ ነው፣ አንዱ ጥግ ላይ ምርጊቱ ተፈንቅሏል። ከዚያ ቆርሼ በልቻለሁ። አንዴ አይደለም። ባሌ አያውቅም። የተረፈውን በጨርቅ ጠቅልዬ የክር ሳጥኔ ውስጥ ከቀይ ክሮቹ ስር አስቀምጫለሁ። በእናታችሁ አትሳቁብኝ።


የሦስቱ እናት፦

የኔ እናት፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ማን ይስቅብሻል! እኔ በሁለተኛዋ ጊዜ የበላሁት አፈር ቢሰበሰብ አንድ ጎጆ ይመረግበታል። ልጅቷ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ናት። እናቴ ስትይዘኝ «አምሮት ነው፣ ካልበላሽ ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል» ብላ ራሷ ከምሰሶው ሥር ፈልፍላ ታመጣልኝ ነበር፣ ነፍሷን ይማር።

ለእግርሽ ማታ ማታ ለብ ባለ ውኃ ጨው አድርገሽ ዘፍዝፊው፣ ባልሽም ባትሽን ማሸት ይልመድ፣ ምን ሠራ እስካሁን? ለማቅለሽለሹ ቡናሽ ላይ ጤና አዳም ጣል አድርጊበት። ለድርቀቱ ተልባ በየቀኑ ጠጪ፣ ለምጡም ያንሸራትታል። ቡናውን አትተዪ፤ ቡና የተወች እርጉዝ ቤቱን ሁሉ ነው የምታውከው።


አዋላጇ፦

አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ ባሕር ዳር አካባቢ ነው የምሠራው። ዛሬ የሌሊት ተረኛ ነኝ፣ እስካሁን ምጥ የያዛት አልመጣችም፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። እናታችን ከላይ የጻፉትን በፍቅር ነው ያነበብኩት፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ግን እቃወማለሁ።

በቅድሚያ የማያስተኛውን ልንገርሽ። ሁለቱም እግር እኩል አብጦ ጠዋት የሚጎድል ከሆነ በዚህ ወር ብዙ ሴት ላይ የማየው ነው። ፊትሽ ወይም እጅሽ ካበጠ፣ ቀለበትሽ አልወጣ ካለ፣ ከባድ ራስ ምታት ከያዘሽ፣ ዓይንሽ ብዥ ካለ ወይም ከጎድንሽ በታች ካመመሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ሂጂ። ግፊትሽ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጉዳዩ እግርሽ መሆኑ ያበቃል። አንዱ እግር ብቻ ካበጠ፣ ባትሽን ካመመሽና ከሞቀ ደግሞ ባልሽ እንዳያሸው፤ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፣ ወዲያው ነው የሚኬደው። ደም ከታየሽ፣ ውኃ ከፈሰሰሽ፣ ካተኮሰሽ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከለመድሽው ከቀነሰብሽም እንደዚያው።

አሁን ወደ መኪናሽ። መርገጡ ራሱ አይጎዳሽም፤ ባት ሲንቀሳቀስ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። የሚጎዳሽ እግርሽን አንጠልጥለሽ ቁልፍና ዘርፍ በእጅ የምትሰፊበት ሰዓት ነው። ያኔ እግርሽን አንድ ሣጥን ላይ ስቀዪው። አንድ እጅጌ በጨረስሽ ቁጥር ተነሺና በር ድረስ ሄደሽ ተመለሺ። ማታ በግራ ጎንሽ ተኚ፤ ደሙን ከታች ወደ ልብ የሚመልሰው ትልቁ ደም መልስ ከጀርባ አጥንትሽ በስተቀኝ ነው የሚያልፈው፣ በጀርባሽ ስትተኚ ማህፀኑ ይጫነዋል። ሌሊት ስትነቂ በጀርባሽ ሆነሽ ብታገኚው አትደንግጪ፣ ዞር በይ።

ውኃ መተውሽ ግን ከሁሉም በላይ አሳስቦኛል። ሆድሽን ያደረቀው ግማሹ እሱ ነው። ሽንት መያዝም ሆነ ውኃ መቀነስ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይዳርጋል፤ በእርግዝና ጊዜ ደግሞ እሱ ቶሎ ወደ ኩላሊት ይወጣል፣ ያለጊዜው ምጥም ሊያመጣ ይችላል። ጨርቅ የምታስተካክሉ ሴቶች አንድ ቁልፍ ማስተካከል አቅቷችሁ ነው?

ክኒኑን ከቡና አፋቺው። ቡናም ሻይም ውስጥ ያለው ነገር ብረቱን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል፤ 9.8ቱ ከፍ እንዳይል የሚይዘው የዘለልሽው ክኒን ብቻ አይደለም፣ የዋጥሽውም በሲኒው ይመለሳል። ከክኒኑ በፊት አንድ ሰዓት፣ በኋላ ሁለት ሰዓት ቡና የለም። ካቅለሸለሸሽ ማታ ከራት በኋላ በብርቱካን ወይም ሎሚ በተጨመቀበት ውኃ ዋጪው፣ እሱ ብረቱን ያሳልፈዋል። ሰገራው የጠቆረው ከብረቱ ነው፣ አያስፈራም። ጤና ጣቢያ በነፃ የሚሰጠው ክኒን 60 ሚሊግራም ብረትና 0.4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ አለው፤ ላንቺ ስንት በቀን እንዳዘዙልሽ ወረቀትሽን እዪ፣ ደም ማነስ ላለባት ከተለመደው ይበዛል። በእርግዝና ከ11 በታች ደም ማነስ እንለዋለን።

አፈሩ። አታፍሪ፣ ከምከታተላቸው ብዙዎቹ ይበላሉ፣ የሚናገሩት ጥቂት ናቸው። ብረት ባነሰው ሰው ላይ ይህ አምሮት ይበረታል። ነገር ግን አፈሩ ብረት አይሰጥሽም፤ እንዲያውም የምትበይውን ምግብ ብረት ይዞ ይወጣል። የወስፋት እንቁላል ይኖረዋል። መንጠቆ ትል ካለብሽ ደግሞ ደምሽን የሚጠጣው እሱ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮሽ «አፈር እበላለሁ» ብለሽ በቃልሽ ተናገሪና የሰገራ ምርመራ ይዘዙልሽ። የትል መድኃኒቱ ከሦስት ወር በኋላ ይሰጣል፣ ራስሽ ከመድኃኒት ቤት እንዳትገዢ። ምልክት ይወጣል የሚባለው አይወጣም። ደግሞ ይገርምሻል፦ ጤፍ ብረቱ ብዙ ነው የሚባለው በከፊል አውድማ ላይ ሲወቃ ከሚገባበት አፈር ነው፣ ከሱም ብዙው ለሰውነት አይደርስም። ሳታውቂውም ስትበዪው ኖረሻል ማለት ነው። በጾሙ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን አብዢ፤ ጥሬ ቃሪያና ቲማቲም ጎኑ ይኑር።

ጤና አዳም ለእርጉዝ አይሆንም፣ ማህፀን ያነሳሳል። ኮሶም እንደዚያው። ተልባን እንደ መድኃኒት በየቀኑ በብርጭቆ አልመክርሽም፤ ለድርቀቱ ውኃ፣ ብርቱካን፣ የበሰለ ፓፓያ፣ ቆሎና በሶ ይበቃሉ።

የጎረቤትሽ ነገር፦ ሕፃን ሲወለድ ቆዳው ላይ የሚታየው ነጭ ቅባት ወተትም ሙዝም አይደለም። ልጁ ራሱ የሚያወጣው ነው፣ ወራቱን ሁሉ ውኃ ውስጥ ስለሚኖር ቆዳውን ይጠብቅለታል። ጾሙ ሲፈታ ወተቱን አፍልተሽ ጠጪ። በፋሲካ ክትፎው ለብ ለብ ሳይሆን በደንብ የበሰለ ይሁን። ቁርጥ አይነካም።

ድድሽ በሆርሞኑ ነው የሚያብጠው፣ ለስለስ ባለ ብሩሽ ቦርሺ፤ ካልተወሽ ጥርስ ሐኪም ማየት በእርግዝና ጊዜም ይቻላል። መጥታለች፣ ሄድኩ።


አባወራው፦

ወንድ ነኝ፣ ይቅርታ ልግባ። ባለቤቴ አፈር ትበላ እንደነበር የነገረችኝ ልጃችን ሁለት ዓመት ሲሞላው ነው። የደበቀችኝ ይመስለኛል ከመሳቄ በላይ ለእናቴ እንዳልነግር ፈርታ ነው። ባልሽን ንገሪው። ክኒኑን እኛ ከማታ 2 ሰዓት ዜና ጋር ነበር ያያያዝነው፤ ዜናው ሲጀምር ብርቱካን መላጥ የኔ ሥራ ነበር። ዜናውን እስከ ዛሬ ብርቱካን ሳይሸተኝ አላየውም።


ዘሃራ ከደሴ፦

ወሎ ተወልዶ ቡና ተዪ ማለት አይቻልም። እኔ በሰባተኛው ወር አቦሉንና ቶናውን ለእንግዳ ትቼ በረካውን ብቻ እጠጣ ነበር። ቀጭን ነው፣ ደግሞም በረካ ነው።

ስለ ጾሙም ልበል። የእምነታችን ነገር ይለያያል፣ ግን እኔ ረመዳን በእርግዝናዬ ሲገባብኝ በሳምንቱ ራሴን ስቼ ወደቅሁ። ለራሷ ወይም ለልጇ የፈራች እርጉዝ ማፍጠር እንደምትችል፣ በኋላ ያፈጠረቻቸውን ቀናት ጾማ ቀዷ እንደምታወጣ አውቅ ነበር፤ አለመብላቱ ጥንካሬ መስሎኝ ነው የቀጠልኩት። አንቺም የንስሐ አባትሽን ጠይቂ እንጂ ራስሽ አትፍረጂ።


ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እዚህ አሜሪካ ሐኪሜ በቀን ከ200 ሚሊግራም ካፌይን እንዳላልፍ ነግራኛለች። የጀበና ሲኒ ስንት እንደሚይዝ ግን ማንም ለክቶ አልነገረኝም፤ ስለዚህ የዘሃራን በረካ ወደድኩት። ሦስት ሙሉ ሲኒ ወፍራም ቡና ግን ይበዛል፣ ቃሩንም ያባብሳል።

ጎረቤትሽን በፀጉሩ ጉዳይ ይቅርታ ጠይቂያቸው። ከኛ ሩቅ ያልሆነው የባልቲሞሩ ጆንስ ሆፕኪንስ ሰዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ይህን ተረት ሊያፈርሱ 64 እርጉዝ ሴቶችን ተከታትለው ነበር። ቃር የበዛባቸው ብዙዎቹ እውነትም ፀጉራም ልጅ ወለዱ። ፀጉሩ ራሱ አይደለም ቃሩን የሚያመጣው፤ የጨጓራን አፍ የሚያላላው ሆርሞን በፀጉሩም ላይ እጁ ሳይኖርበት አይቀርም ብለው ገመቱ። በወተቱ ጉዳይ ግን እትዬ ተሸንፈዋል።

ለቃሩ እኔን የጠቀመኝ ራት አሳንሶ ቀደም ብሎ መብላት ነው። ከበላሁ ሁለት ሦስት ሰዓት ሳልቆይ አልተኛም ነበር። ከአልጋው ራስጌ እግሮች ሥር ጡብ አስገባን፤ ትራስ መደራረቡ አንገቴን ብቻ ነበር ያሳመመው።


የሽሮሜዳዋ፦

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያችም ልጅ በሰላም እንደተገላገለች ተስፋ አደርጋለሁ። የጻፉትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ አንዴ ለአክስቴ ጮክ ብዬ። «ቁልፍ ማስተካከል አቅቷችሁ ነው?» የሚለው ጋ ስደርስ አክስቴ መቀሷን አስቀመጠችና ወጣች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተቀረጸ ቁልፍ ይዛ መጣች። በቀይ ጥለት አስራ መኪናዬ ላይ ሰቀለችልኝ። ስድስት ወር ሙሉ ያልታየን ነገር!

አሁን አንድ ሊትር ተኩል የሚይዝ የሃይላንድ ጠርሙስ አጠገቤ አቆማለሁ፣ ከሱቁ ከመውጣቴ በፊት ማለቅ አለበት። የምስማር ሣጥን ገልብጬ እግሬን እሰቅላለሁ። አንድ እጅጌ በጨረስኩ ቁጥር እነሳለሁ፤ ደንበኛ ካለ ግን ሁለት እጅጌ ይሆናል፣ አልዋሽም። ቡናው አንድ ሲኒ ሆኗል፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ራሴን ለሁለት ሊሰነጥቀው ነበር። የምታፈላዋ ልጅ አኩርፋኛለች።

የንስሐ አባቴን ቅዳሜ አገኘኋቸው። የደሙን ቁጥር ስነግራቸው ወሬዬን ሳያስጨርሱኝ «ሐኪም ያዘዘሽን ብዪ፤ ወልደሽ ስትጠነክሪ ትጾሚዋለሽ» አሉኝ። ቢፈቀድም ግን ሰው ሁሉ በሚጾምበት ገበያ መሀል እንቁላል መላጥ ይከብዳል። ከጨርቅ ጥቅሉ ኋላ ተደብቄ ነው የምበላው። አክስቴ በር ላይ ትጠብቅልኛለች፣ ዕጣን ታጨስልኛለች። ዕጣኑ ያቅለሸልሸኛል፣ ግን እንዴት አድርጌ ልንገራት?

ለባሌ ስለ ክኒኑ ነግሬዋለሁ። ስለሌላው ገና ነኝ።


የሦስቱ እናት፦

ሲስተር ስለ ጤና አዳሙ የተናገሩትን ተቀብያለሁ፣ እኔ አላወቅሁም ነበር፤ ሦስቱንም በሱ ነው ያሳለፍኩት፣ እግዚአብሔር ጠበቀኝ። ተልባው ላይ ግን እንከራከራለን። አንቺ ልጅ፣ ሌላውንም ንገሪው፤ እንቁላል የተደበቀለት ሰው አፈርም ይደበቅለታል።


የሽሮሜዳዋ፦

እንደምን ከረማችሁ። ዳግማይ ትንሣኤም አለፈ፣ 31 ሳምንት ገባሁ፤ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ ልመልስ ብዬ ነው።

ትናንት ደሜ ድጋሚ ታየ፣ 10.9። ገና 11 አልሞላም፣ ግን ክኒኑን አላስቀሩብኝም እንጂ ደስ ብሏቸዋል። ግፊቴ ደህና ነው። «አፈር እበላለሁ» ብዬ ተናገርኩ። የምትከታተለኝ ነርስ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «ከመቼ ጀምሮ?» አለችና ጻፈች፣ አለቀ። ያን ሁሉ ሌሊት ምን እንደፈራሁ እኔ እንጃ። በሰገራው ትል ተገኘ፣ መድኃኒቱን እዚያው ሰጡኝ። እግሬ ማታ አሁንም ያብጣል፣ ጠዋት ግን እንደ በፊቱ ደህና ነው። ድዴ አልፎ አልፎ ይደማል። ክትፎውን የባሌ እናት ዘንድ አብስዬ በላሁ፤ ሰው ሁሉ እንደ እብድ አየኝ። ወተት በእትዬ ፊት ጠጣሁ፤ ፊታቸውን አዙረው ማርያምን ጠሩ።

አምሮቱ ቀንሷል፣ አልጠፋም። ለባሌ የነገርኩት በስቅለት ማታ ነው፣ የክር ሳጥኑን ከፍቼ አሳየሁት። ጨርቁን ፈታ፣ አሸተተው፣ ምንም አላለም። በማግስቱ ሥራ ውዬ ስመለስ ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ ከየት እንዳመጣ አላውቅም፣ የተፈነቀለውን ጥግ ሞልቶ ልስን አድርጎት ጠበቀኝ። አከራያችን ግቢ ላሳመራችሁበት ብለው የዚህን ወር የውኃ ሂሳብ ትተውልናል።

ዝናብ ሲመጣ ሽታው አሁንም ከጎረቤት ግቢ ይመጣል።